አምስት ጣት ተኩል

ሰፈሩ እውነተኛ ስሙን ከረሳው ቆይቷል። «ጋሽ ዝግታ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት ፊት ለፊቱ ያለው ጎማ ጠጋኝ ነው አሉ። ጎማ ጠጋኙ ከጠዋት ጀምሮ ስምንት ጎማ ጠግኖ፣ እጁን ታጥቦ፣ ምሳውን በልቶ ሲመለስ ይኼ ሰውዬ አንዲት የመኪና ሞላ ፊቱ አስቀምጦ፣ ጠዋት በተወው ቦታ ቁጭ ብሎ ያያታል። «ኧረ ጋሼ፣ ልታስፈለፍላት ነው እንዴ?» አለው። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝግታ ሆኖ ቀረ። እሱም አልተቀየመም። አንዳንዴ ስልክ ሲደወልለት ራሱ «አቤት፣ ዝግታ ነኝ» ይላል።

ሞላ ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ ከጎማው በላይ ሆኖ መኪናዋን የሚሸከም፣ ጉድጓድ ሲመጣ የሚሰበሰብ፣ ጉድጓዱ ሲያልፍ የሚዘረጋ ጥቅልል ብረት ነው። የጋሽ ዝግታ ሥራ እሱን እየቆረጠ መኪና ዝቅ ማድረግ ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ጥቅልሉን ቆረጥ፣ መኪናዋ ዝቅ! እንደዚያ እያሉ ነው የከተማውን መኪና ሁሉ ያንጋደዱት። ሌላው ጋራዥ በጋዝ እሳት ቆርጦ በአንድ ሰዓት ያስረክባል፤ ባለመኪናውም ደረቱን ነፍቶ ይወጣል። ወሩ ሳይሞላ ሞላው ይሟሽሽና መኪናዋ ጆሮው እንደታመመ ሰው ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ትሄዳለች።

ጋሽ ዝግታ እሳት አያስጠጋም። በቀጭን የብረት መቁረጫ ጥቂት ይቆርጥና ያቆማል። በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀልለዋል። የእጁን ጀርባ ያስነካዋል፤ ካቃጠለው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። «ብረት ከነደደ የሚያውቀውን ሁሉ ይረሳል» ይላል። «ሞላ ደግሞ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ቦታው መመለስ። እሱን ካስረሳኸው ምን ቀረው?» ሚስቱ ይኼን ስትሰማ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ታነሳና «የሞላ ባል» ትለዋለች።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቶ እስከ ዛሬ ሞላ ሲፈታ ልቡ ይመታል። ሙያውን ያስተማረው ሰው አንድ ቀን የታመቀ ሞላ ሲፈታ ሰንሰለቱ አመለጠው። ሞላው ተስፈንጥሮ አራት ጥርሱን ይዞ ሄደ፤ የቆርቆሮውንም ጣሪያ በስቶ ወጣ። ጋሽ ዝግታ ያኔ ሁለት እርምጃ ርቆ ነበር የቆመው። የፈራው ግን ደሙን አይደለም። ያቺ ክንድ የማታክል ብረት ውስጥ ያን ያህል ጉልበት ተቀምጦ ኖሮ፣ ዝም ብሎ፣ ማንም ሳያየው! ከዚያ ወዲህ ሞላ ሲይዝ ትልቅ ሰው ፊት እንደቆመ ነው። በሁለት ሰንሰለት ያስራል፤ ፊት ለፊቱ አይቆምም፤ «አደራ» ሳይለው አይፈታውም።

ደንበኞቹ ወጣቶች ናቸው። መኪናቸው መሬት ልትስም እስክትደርስ ዝቅ እንድትል ይፈልጋሉ። ለምን እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም። ስለዚህ አንድ ጠዋት አንድ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰውዬ፣ አሮጌ ነጭ መኪና ነድቶ ገብቶ «ዝቅ አድርግልኝ» ሲለው ሳቁ መጣ።

«ምነው፣ ልትወዳደርባት ነው?» አለው።

«እኔ አይደለሁም» አለ ሹፌሩ፣ በአገጩ ወደ ጎን እያመለከተ። «እሷ ናት የምትፈልገው።»

ሚስቱ በዊልቸሯ፣ ጎማውን በእጇ እየገፋች፣ ከመኪናዋ ጎን ደርሳለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የመጣችው። ሁለቱ እግሮቿ ከስድስት ዓመት በፊት ከዷት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ባሏ ጠዋት ከዊልቸር አንስቶ መኪና ውስጥ ያስገባታል፤ ሱቋ ሲደርሱ ከመኪና አንስቶ ዊልቸር ላይ ያስቀምጣታል፤ ማታም እንደዚያው። ባለፈው ወር ብሽሽቱ ላይ እብጠት ወጣና ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ አየውና «ከዛሬ ጀምሮ ከባድ ነገር ብታነሳ አንጀትህን እጅህ ላይ ታገኘዋለህ» አለው። እንግዲህ ወይ ሚስትየው በራሷ ትገባለች፣ ወይ ሱቁ ይዘጋል።

«ሌላ ሰው ቢያነሳሽስ?» አለ ጋሽ ዝግታ፣ መቼም አፉ ቀደመው።

«የመንገዱ ወንድ ሁሉ እያቀፈኝ ልኑር?» አለችው። «ጋሼ፣ እኔ ጆንያ አይደለሁም። ስድስት ዓመት ሙሉ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። በቃኝ! በራሴ ነው የምገባው።»

አገባቧን አስረዳችው። ሱቋ ውስጥ እጅጌ የምትተኩስበት ጠባብ የእንጨት ሰሌዳ አለ፤ በመተኮስ ብዛት እንደ መስታወት ለስልሷል። እሱን ከዊልቸሯ ወደ መኪናው ወንበር አንጥፋ በላዩ ላይ ትንሸራተታለች። እጇ ብርቱ ነው፤ ሠላሳ ዓመት መቀስ የጨበጠ እጅ ነው። ችግሩ የመኪናው ወንበር ከዊልቸሩ በሦስት ጣት ይበልጣል። ሽቅብ መንሸራተት ደግሞ አይሆንላትም።

«አራት ጣት አውርድልኝ» አለችው። የሳሙና ስባሪዋን ከኪሷ አወጣችና የመኪናው ጎን ላይ፣ ከጎማው በላይ፣ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች። ልብስ ሰፊ በሳሙና ነው ምልክት የሚያደርገው።

ጋሽ ዝግታ ክሪኩን ሊያመጣ ዞር ሲል ከኋላው ጮኸችበት። «ቆይ እንጂ! ሳትሞክረው ልትቆርጥ ነው?»

«ሞላ እኮ እንደ ቀሚስ አይሞከርም እህቴ።»

«ለምን አይሞከርም? አሸዋ ጫንባት። ከመስመሩ እስክትደርስ ጫንባት። ከዚያ እኔ ልግባባትና ልክ መሆኗን እንይ። ጨርቅ እኮ ከተቆረጠ በኋላ ማልቀስ ነው።»

ጋሽ ዝግታ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ሠላሳ አንድ ዓመት! ሠላሳ አንድ ዓመት በግምት ሲቆርጥ፣ ሌሊት ሌሊት «በዛ ይሆን? አነሰ ይሆን?» እያለ ሲገላበጥ ኖሮ፣ መኪና በጭነት ዝቅ ብላ ልትለካ እንደምትችል አንድ ቀን አልታየውም። ደግሞ በየቀኑ የተጫነ መኪና እያየ! «ወይ ጉድ!» አለ።

አሸዋ ጭነው አራት ጣት አወረዷት። ሴትዮዋ ሰሌዳዋን አነጠፈች፣ ክንዷን ተከለች፣ ትንፋሿን ሳበች፣ ሸርተት አለችና ገባች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ግን ገባች! ባሏ በደስታ «ይኸው! ይኸው!» እያለ ሄደና፣ ለስድስት ዓመት እንደለመደው፣ ጎንበስ ብሎ ብድግ አድርጎ አወጣት።

«አንተ ሰውዬ! ልቀቀኝ! ሐኪሙ ምን አለህ?» ብላ ደረቱን በቡጢ መታችው። እሱም ምን እንዳደረገ የገባው ዊልቸሩ ላይ ካስቀመጣት በኋላ ነው። ሦስቱም ሳቁ። እየሳቁ ሳሉ አንድ ነገር አለፋቸው፤ መግባቷን እንጂ መውጣቷን ማንም አልሞከረም።

መኪናዋን ትተውለት ሄዱ። ጋሽ ዝግታ ብቻውን ቀረና ያ የግንባሯ ላብ ዓይኑ ላይ መጣበት። «ምናለ ትንሽ ቢቀልላት?» አለ። አራት ጣት ያለችው እኩል የሚያደርጋት ልክ መስሎታል። ሦስት እንደነበርና አንዷን ጣት እሷም ቁልቁል እንዲሆንላት ብላ እንደጨመረች ልብ አላለም፤ ሦስት ጣት ብላ በጆሮው ነግራዋለች እኮ! እሱ ግን የሰማውን ሁሉ ትቶ የሳሙናውን መስመር ነው ያመነው። እና ለማንም ሳይናገር፣ ከራሱ ደግነት፣ አንድ ጣት ተኩል ጨመረ። አምስት ጣት ተኩል።

ሦስት ቀን ፈጀበት። አራቱን ሞላዎች አንድ በአንድ አስሮ፣ «አደራ» ብሎ ፈታ። ቆረጠ፣ አቆመ፣ አቀዘቀዘ፣ የእጁን ጀርባ አስነካ። ጎማ ጠጋኙ በሩ ላይ ቆሞ «ዛሬስ ጫጩቷ ወጣች?» አለው። ጋሽ ዝግታ ሥራው ላይ እንዳጎነበሰ ነው። ግራና ቀኙን ጎን ለጎን አቁሞ፣ በዓይኑም በጣቱም ለካ፤ ፀጉር የምታህል ልዩነት የላቸውም። እንዲያ ያማረ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መጡ። መኪናዋ ዝቅ ብላ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች። ልብስ ሰፊዋ ሰሌዳዋን አነጠፈች። ክንዷን ገና ከመትከሏ ሸርተት አለችና ወንበሩ ላይ ተገኘች። ላብ የለ፣ ማቃሰት የለ። ራሷ ደነገጠች። ከዚያ እንደ ልጅ ሳቀች፤ ባሏ አጨበጨበ። ጋሽ ዝግታ የሚቆምበት ጠፋው። በሕይወቱ ብዙ መኪና ዝቅ አድርጓል፤ አንዷም ሰው ከፍ ስታደርግ አይቶ አያውቅም።

ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞረው ተመለሱ። ሞላ ሲያጥር ይደነድናልና ጠጠሩን ሁሉ ቆጥረውታል፤ ግድ አልሰጣትም። በሩን ከፈተች። ዊልቸሯን አስጠጋች። ሰሌዳዋን አነጠፈች። አሁን ግን ሰሌዳው ሽቅብ ሆነ።

ክንዷን ተከለች፤ ገፋች። ግማሽ ሄደችና ተንሸራትታ ተመለሰች። እንደገና ገፋች። ተመለሰች። በሦስተኛው የአንገቷ ሥር ተገታተረ፣ ፊቷ ደም መሰለ፣ ሰሌዳው ሲጢጥ አለ፣ መልሶ ጣላት። ጉድጓድ ውስጥ እንደወደቀ ሰው ወንበሩ ውስጥ ሰመጠች። ባሏ እጁን ዘርግቶ ተንደረደረ።

«እንዳትነካኝ!»

ባልየው ባለበት ደረቀ። የተቆረጠ ሞላ አይበቅልም። ጋሽ ዝግታ ወደ መኪናዋ ቀረብ ብሎ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «አንድ ጣት ተኩል ጨመርኩ። እንዲቀልልሽ ብዬ።»

«ምን? ማን ጨምር አለህ?»

«ማንም።»

ስድብ ጠበቀ፤ ቢሰደብም ደስ ባለው። እሷ ግን ግንባሯን በመዳፏ መታች። «እኔም እኮ አንድ ጣት ጨምሬ ነበር! ቁልቁል ይሁንልኝ ብዬ። ወይኔ ጉዴ! አንተ ጨመርክ፣ እኔ ጨመርኩ፣ ይኼም እንደ እቃ አንስቶ አወጣኝ፤ ሦስት ጅል ተሰብስበን እንዴት እንደምወጣ የሚያስብ አንድ ሰው ይጥፋ?»

ባልየው በቀስታ «ለዛሬ ብቻ ላንሳሽ፤ ከዚያ ይታሰብበታል» አላት።

«ለዛሬ ብቻ እያልን ነው ስድስት ዓመት የሞላን። ሐኪሙ እንደሆነ ቀብርህ ላይ ምስክር ይሆናል። አልወርድም! ከዚች መኪና ወይ በራሴ እወርዳለሁ፣ ወይ እዚሁ እኖራለሁ። ምሳዬን አምጡልኝ።»

ቀልድ መስሏቸው ነበር። ቀልድ አልነበረም። ከቦርሳዋ ያልተጠናቀቀ እጅጌ አውጥታ መርፌዋን ትሰካ ጀመር። ጥቂት ሰፋችና ቀና ሳትል «ጋሼ፣ ቀሚስ በጣም ሲያጥርብኝ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ?» አለች።

«አላውቅም።»

«ከታች ቁራጭ እቀጥላለሁ። የተቆረጠው አይበቅልም፤ ግን ሌላ ነገር ከሥሩ ይገባለታል። ያ ሞላ ምን ላይ ነው የሚቀመጠው?»

«ክብ ብረት ላይ።»

«እና ክቡ ላይ አንድ ነገር አንጥፍበታ።»

ጋሽ ዝግታ ዞር ዞር ብሎ ቃኘ። ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ አሮጌ የከባድ መኪና ጎማ አየ። ላስቲኩ ሁለት ጣት ተኩል ይወፍራል። የሷ አንድ፣ የሱ አንድ ተኩል፤ ልክ ሁለቱ የጨመሩት ሁሉ። ይህቺ ሴት ሞላ በእጇ ነክታ አታውቅም፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እጅጌ እየሰፋች፣ እሱ ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረበትን ነገር ውስጡን ታየዋለች! እንደዚያ ቀን፣ ጣሪያው ተበስቶ ሰማዩን እንዳየባት ቀን ሆነበት። ዝም ብሎ የተቀመጠ ጉልበት! ማንም ሳያየው!

«አንቺ ውስጥ ተቀምጠሽ ግን ሞላ አልፈታም» አለ በመጨረሻ። «ሞላ ቀልድ አያውቅም።»

«አልንቀሳቀስም። ካልነገርከኝ ትንፋሽም አልስብም።»

ጋሽ ዝግታ መኪናዋን በአራት የብረት መቆሚያ ላይ አወጣት። ማዕዘን ማዕዘኑን እየዞረ ነቀነቀ፤ ከሥር እንጨት ደገመ፤ ደግሞ ነቀነቀ። ሴትዮዋ ከነወንበሯ ከፍ ብላ፣ ከሁሉም በላይ ሆና፣ በተከፈተው በር እጅጌዋን ትሰፋለች። ጎማ ጠጋኙ ሲያልፍ አያትና «ኧረ እንደምን አሉ እመቤቴ!» ብሎ እጅ ነሳ። ስቃ እጇን አውለበለበችለት።

ከክቡ ብረት ላይ ልኩን በጋዜጣ ገልብጦ ሰጣት። እሷ ጭኗ ላይ ዘርግታ በመቀሷ አራት ክብ አወጣች፤ አንዱ ካንዱ የማይለይ። በሳሙናዋ ጎማው ላይ ዙሪያውን አሰመረች። እሱ ቢላውን እያረጠበ ላስቲኩን ቆረጠ፤ አስቸጋሪ ሲሆንበት «ሳሙናውን ቀባው እንጂ» አለችው፤ ቢላው ቅቤ እንደሚቆርጥ ገባ። ባልየው ውኃ ያቀብላል፣ ብሎን ይለቅማል፣ በየመሃሉ «ደከመሽ?» ይላታል። «አንተ ነህ የደከምከው» ትለዋለች።

ሞላዎቹ ሲፈቱ አልተነፈሰችም፤ እንዳለችው። ጋሽ ዝግታ ሰንሰለቱን ሁለት ጊዜ አስሮ፣ ጎን ቆሞ፣ «አደራ» ሲል እሷም ከላይ ሆና በሹክሹክታ «አደራ» አለች። አራት ጊዜ። በዚያ ጋራዥ ውስጥ ይኼን ቃል ከሱ ጋር ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም። የመጨረሻው ሲገባ ፀሐዩ ከበሩ ደፍ ላይ ደርሶ ነበር።

መኪናዋን አወረዳት። ሳትወዛወዝ፣ በአራቱም እኩል ተቀመጠች። ባልየው ዊልቸሩን አስጠጋ። ልብስ ሰፊዋ ሰሌዳዋን አነጠፈች። ሰሌዳው ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ሆነ፤ ወዲያም ወዲህም አላለም። ክንዷን ተከለች። ገፋች። ሰሌዳው መሃል ላይ ስትደርስ ቆመች፤ የጋሽ ዝግታም ልብ አብሮ ቆመ። ለካ ቀሚሷ ተይዞ ነው። አላቀቀችው፣ አንድ ጊዜ ገፋች፣ ዊልቸሯ ላይ አረፈች።

ሰሌዳዋን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። ዞራ የመኪናዋን በር ራሷ ዘጋችው። ባሏ እጆቹ እንደተዘረጉ ቀርተዋል፤ ለስድስት ዓመት የለመዱት ነገር እስኪመጣላቸው ይጠብቁ ይመስል ባዶ አየር አቅፈው ቆመዋል። የሚያደርጋቸው ጠፋው። ሰብስቦ ኪሱ ሊከታቸው ሲል

«እጅህን ስጠኝ» አለችው።

«ምነው? ከበደሽ? ላንሳሽ?»

«ማን አንሳኝ አለህ? ተሸከምከኝ እንጂ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እጄን ይዘኸኝ አታውቅም።»

ሰውዬው እጁን ሱሪው ላይ ጠራረገና ሰጣት። የትም አልሄዱም። እዚያው ዘይት በጠጣው ወለል ላይ፣ እሱ ቆሞ እሷ ተቀምጣ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆዩ። ጋሽ ዝግታ ጀርባውን ሰጣቸውና ያልጠፋ ብሎን መፈለግ ጀመረ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶት ነበርና ብሎኑ እፊቱ ቢቀመጥም አያየውም ነበር።